የመስኮቱ ፕሮፌሰር

ሆስፒታል ተኝቶ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል፦ ማንም ሳይሾመው ክፍሉን የሚገዛ አንድ በሽተኛ የሌለበት ሆስፒታል እስካሁን አልተሠራም። ዶክተር ይቀየራል፣ ነርስ ይቀየራል፣ አንሶላም አልፎ አልፎ ይቀየራል፤ እሱ ግን አለ። የትኛው የሽንት ቤት በር እንደማይዘጋ፣ የትኛዋ ሲስተር መርፌ ስትወጋ እጇ ቀላል እንደሆነ እሱን ጠይቁት። አዲስ በሽተኛ ሲመጣ ከዶክተሩ ቀድሞ የሚመረምረው እሱ ነው፤ ያውም በነፃ።

አንድ ልብስ ሰፊ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ፣ ሆዱ ውስጥ መግል ተጠራቅሞ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው ሚስቱን አይደለም። ከጎኑ ካለው አልጋ በክርናቸው ተደግፈው ሆዱን እንደ ተበላሸ ሞተር የሚያጠኑ አንድ ሽበታም ሰውዬ ነው ያየው።

«አይዞህ ልጄ» አሉት። «ያንተ የአየር ጉዳይ ነው።»

ክቡር ፕሮፌሰር ማለት እኚህ ናቸው! ዕድሜ ልካቸውን የረጅም ርቀት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ደግሞ ስኳር በሽታ ቀኝ እግራቸውን አቁስሎባቸው የተኙ ሹፌር። ፕሮፌሰርነቱን የሰጣቸው ክፍሉ ነው። ለቀልድ ነበር የሰጣቸው፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ተቀበሉት።

የአየሩ ጉዳይ መነሻ አለው። ልብስ ሰፊው ከመምጣቱ በፊት አንድ ጠዋት ዶክተሯ በሽተኞቹን ስትጎበኝ «እነዚህ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ናቸው» ብላ ለባልደረቦቿ ስታስረዳ ፕሮፌሰሩ ጆሯቸውን አቁመው ሰሙ። አንጀት ሲፈነዳ ወይም ቁስል ወደ ውስጥ ሲጠልቅ፣ አየር የማይደርስበት ቦታ ተደብቀው እንደሚባዙ ተናገረች። ሽታቸው መጥፎ እንደሆነ፣ መግሉን ማፍሰስ፣ የሞተውን ሥጋ ማንሳት፣ ሜትሮኒዳዞል የሚባለውንና ሌሎቹን መድኃኒቶች ሳያቋርጡ መስጠት እንደሚያስፈልግ ዘረዘረች። ፕሮፌሰሩ ከዚህ ሁሉ ትምህርት የያዙት አንዱን ብቻ ነው። አየር አይወዱም!

«አለቀ!» አሉ። «መስኮት ክፈቱ!»

ከዚያን ቀን ወዲህ በራስጌያቸው ያለው መስኮት ተዘግቶ አያውቅም። መጋረጃው ይበራል፣ የልብስ ሰፊው ጥርስ ይንቀጫቀጫል፣ ሲስተር ልትዘጋው ስትመጣ ፕሮፌሰሩ «ኧረ ልጄ፣ ባክቴሪያ ልትቀልቢ ነው?» ይላሉ። ማዶ የተኛው መምህር ጥርሱ መግል ይዞ አገጩ አብጦ መናገር አቅቶታል። እሱንም አልማሩትም፤ አፉን ወደ መስኮቱ ከፍቶ እንዲተኛ አዘዙት። ምስኪኑ ታዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ዝንብ ገባችበት። ሲያስለው፣ ሲያንቀው፣ አልጋው ላይ ሲንፈራገጥ ፕሮፌሰሩ በኩራት አዩት። «ይኸው! እየወጣ ነው!»

ልብስ ሰፊውም አልቀረለትም። መድኃኒቱን በጀመረ ማግስት አፉ ብረት ብረት አለው። ዕድሜውን ሙሉ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነውና ደንግጦ ሚስቱን «እስቲ አፌን እዪልኝ፣ የሱቁን መርፌ ይዤ መጥቼ እንዳይሆን» አላት። ፕሮፌሰሩ መድኃኒቱ እንዲህ ያደርጋል አሉት። እውነታቸውን ነበር። ሰውዬው አንዴ እውነት ከተናገሩ በኋላ ማን ይቻላቸው! ከሰዓት በኋላ ሸለብ አድርጎት ሲነቃ የፋሻውን ጫፍ ገለጥ አድርገው ሆዱን በካርቶን ሲያራግቡለት ደረሰባቸው።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?» ሲስተር በሩ ላይ ሆና ጮኸች።

«እያናፈስኩለት ነው!»

«ባክቴሪያው እኮ ውስጥ ነው! በደም ሥር የሚገባው መድኃኒት ነው የሚደርስበት። ፋሻ መግለጥ ሌላ በሽታ መጋበዝ ነው!»

«እኔስ ለዛ አይደል ወደ ውስጥ የማራግበው?»

ልብስ ሰፊው ስፌቱን በሙያተኛ ዓይን አየ። ክሩ ወፍራም ነው፣ ልኩም ትንሽ ይዛነፋል፤ ደግነቱ አልተነካም። ሲስተርን እጇን ያዛት። «በፈጠረሽ፣ ሌላ ክፍል አዛውሪኝ። ከበሽታው ድኜ በሐኪሙ ልሞት ነው።» አልጋ ሲገኝ አዛውርሃለሁ አለችው።

አንድ ቀን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። አልጋዎቹ ሲረጥቡ ሲስተር የማንንም ንግግር ሳትሰማ መስኮቱን ዘግታ መያዣውን ጥርቅም አድርጋ አጠበቀችው። ልብስ ሰፊው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ «እፎይ» አለ። አሁን ሌክቸር ይጀመራል ብሎም ጠበቀ።

ፕሮፌሰሩ ግን ብርድ ልብሳቸውን እግራቸው ሥር ወተፍ ወተፍ አደረጉና ብርቱካን መላጥ ጀመሩ። ላጡ እንጂ አልበሉም፤ ልጣጩን ብርድ ልብሱ ላይ በተኑት።

ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ። መምህሩ ልብስ ሰፊውን አየው። ልብስ ሰፊው በሁለት እጁ ሆዱን ያዘ። ሆዴ ተመልሶ መግል ያዘ ማለት ነው! ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ ሆዱ ሰላም ነው። ቀና አለ። ሽታው ከብርቱካኑ ሥር ነበር የሚመጣው።

«ጋሼ» አላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። «እግርዎ ነው?»

ያ ሁሉ ፕሮፌሰርነት በአንድ ጊዜ ከፊታቸው ረገፈ። ለጠዋቷ ሲስተር «ፋሻውን የማታዋ ቀይራልኛለች»፣ ለማታዋ «የጠዋቷ ቀይራልኛለች» እያሉ ቁስላቸውን ለቀናት ሳያሳዩ ከርመዋል። ሁለቱም አመኗቸው፤ የክፍሉን ነገር ከፕሮፌሰሩ በላይ ማን ያውቃል? መስኮቱም የሳይንስ ጉዳይ አልነበረም ለካ።

«ዝም በል ልጄ፣ በናትህ» አሉት። «ካዩት ይቆርጡታል። ቀኙ እኮ ነው፤ የፍሬኑ እግር! ስንት ሰው በሰላም ቤቱ ያስገባሁበት።»

ልብስ ሰፊው አንጀቱ ተላወሰ፤ የቀረችውም አንጀት ብዙ መላወስ አትችልም። ከዚያ በኋላ ስፌቱ እስኪያመው ድረስ ጮኸ።

«ሲስተር! ኧረ ሲስተር!»

«አንተ ከሃዲ! ለመስኮቱ ነው አይደል የምትበቀለኝ?»

«ተቀይመውኝ ይኑሩልኝ፣ ጋሼ።»

ዶክተሯ መጣች፤ ብርድ ልብሱን ገለጠች፤ ፊቷን አላጨማደደችም። ትንሿ ጣት ሞታለች፣ ሥሯም መግል ይዟል አለች። ጣቷንና የሞተውን ሥጋ ካነሳን፣ መድኃኒቱንም በደንብ ከሰጠን እግሩ ይተርፋል፣ ትንሽ ብንዘገይ ግን አላውቅም አለች። ፕሮፌሰሩ በተሽከርካሪ አልጋ ሲወሰዱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።

ክፍሉ ጭር አለ። መምህሩ አገጩ ጎድሎለት መናገር ቢችልም የሚያናግረው አጣ። ልብስ ሰፊው ኮሽ ባለ ቁጥር በሩን ያያል። በዚህ መሃል ሲስተር ፈገግ ብላ ገባች። «የምሥራች! ማዶ ክፍል አልጋ ተገኝቷል። ጸጥ ያለ ነው፤ መስኮቱም ዝግ ነው።»

ልብስ ሰፊው ባዶውን አልጋ አየ። የብርቱካን ልጣጭ ወለሉ ላይ ቀርቷል። «እዚሁ ልሁን፣ ሲስተር» አላት። «መምህሩ ብቻውን ይሆናል ብዬ ነው።» መምህሩ ቅንድቡን አነሳ። ልብስ ሰፊው ሆዱን በእጁ ደግፎ ተነሳ፤ እያቃሰተ ሄዶ የጠበቀውን መያዣ አላልቶ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። ፕሮፌሰሩ እንዲህ ነው የሚወዱት።

ፕሮፌሰሩ ተመለሱ። እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል፤ አለ፣ ከነተረከዙ አለ። ልብስ ሰፊውን ቀና ብለው አላዩትም። አልጋቸው ላይ ተጋደሙ፣ መጋረጃው ሲበር አዩ፣ ተቆጡ።

«ይሄን መስኮት የከፈተው ማነው? ዝጉት እንጂ! ቁስለኛ ሰው በብርድ ልትጨርሱ ነው?»

ልብስ ሰፊው ስፌቱን ይዞ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «የአየሩስ ጉዳይ፣ ጋሼ?»

«አየር ድሮ ቀረ። ዋናው የሙቀት ጉዳይ ነው።» ብርድ ልብሳቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው «ሌላ ክፍል ተገኘልህ ሲሉ ሰማሁ» አሉ። «መቼ ነው የምትሄደው?»

ልብስ ሰፊው እያቃሰተ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ።

«የት ልሂድ ጋሼ? የሙቀቱን ጉዳይ ሳልማር?»

ፕሮፌሰሩ ዞሩ፣ በክርናቸው ተደገፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መምህሩ ቶሎ ብሎ አፉን ዘጋ።