ምርቃት የሸሸው ሰውዬና የቡሄ ብሬ

«ከለመንኸው በላይ የሰጠህ፣ ከሰጠህ በላይ ይጠይቅሃል» ይሉ ነበር አባቴ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህችን ሳይሏት የመሸበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጎረቤት ጠላ ሲደግምላቸው ይሏታል። ባለበጉ ሳይጨቃጨቅ ዋጋ ሲቀንስላቸው በጉን ትተው እየሄዱ ይሏታል። ሌላው ሰው ከአባቱ መሬት ይወርሳል፤ እኔ ይችን ወረስሁ።

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ጮኸ። ልጄ አነበበችልኝ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተሸልመዋል» ይላል። ምን ሠርቼ? ከማን ተወዳድሬ? አማተብሁና «አጥፊው» አልኋት። «አባዬ፣ እውነት ቢሆንስ?» አለችኝ። እውነት ከሆነማ የባሰ ነው! የማታውቀው ሰው የምሩን ሲሰጥህ ነው መፍራት።

ይህችው ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ አሥር ብር ትቀበለኛለች። ማታ «ምን ገዛሽበት?» ስላት «ከረሜላ» ትላለች። አሥር ብር ሙሉ ከረሜላ? የምታታልለኝ እሷ ናት ወይስ ባለሱቁ ነው ብዬ አንድ ቀን ራሴ ሄድሁ። አሥር ብሬን ሰጠሁ፤ ከረሜላውን መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ወዳጄ፣ መዳፌ እንኳ አልተሸፈነም! ይህ እኮ የጉና ድንች ሲያነሣና ሲጥል የኖረ መዳፍ ነው፤ ሚዛን አይስትም። ባለሱቁን ትክ ብዬ አየሁት። እሱም ትክ ብሎ አየኝ። በዚሁ ተለያየን።

እኔ ያደግሁት ሳንቲም ሰው በነበረችበት ጊዜ ነው። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቴ ከደብረ ታቦር ገበያ ሲመለሱ፣ ደግ የሆኑ ዕለት አሥር ሳንቲም ይሰጡኛል። ደግ የሚሆኑት ገብሱ ጥሩ ዋጋ ሲያወጣ ነው። በአሥር ሳንቲም ከረሜላ ይገኛል፤ ወይ አንድ አንጓ ሸንኮራ፣ ወይ ኪስ ከነቀዳዳው የሚሞላ ቆሎ። ስሙኒ ያገኘ ዳቦ ይበላል። ሽልንግ ያገኘማ ጓደኛ ያማርጣል!

ከረሜላዋ አንዲት ሆና እኛ ሁለት ከሆንን በሸሚዝ ጫፍ ጠቅልለን በጥርስ እንከፍላታለን። የሚነክሰው ልጅ ሁልጊዜ ይጠረጠራል። ትልቋ ስባሪ ለምን ሁልጊዜ ወደሱ አፍ ትዘላለች? እስከዛሬ መልስ ያገኘሁለት ነገር አይደለም። ሸንኮራውንም ቢሆን እንደልብ አንመጥም። እናቴ «ዓይን አለ፣ ዞር ብለህ ብላ» ትላለች። ቡዳ እንዳይበላኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምመጠው። የልጅነቴን ጣፋጭ ሳስብ እስከዛሬ ከፊቴ የጭቃ ግድግዳ ይታየኛል።

ብር ግን? ብር የትልቅ ሰው ነገር ነበር። ድፍን አንድ ብር በእጄ የገባችው አንድ ጊዜ ነው፤ በቡሄ። የቸገረኝም ያን ጊዜ ነው።

ቡሄን አገር ሁሉ ያከብራል። እኛ ግን በዓሉም ደብረ ታቦር፣ ከተማችንም ደብረ ታቦር ስለሆነ፣ ሌላው አገር ከኛ የተዋሰው ይመስለናል። በዋዜማው ዱላችንን ይዘን ሆያ ሆዬ ልንል ወጣን። አውራጁ እኔ ነበርሁ። ድምፄ ያምር ነበር። ያምራል ያለኝ ሰው የለም፤ እንዲሁ አውቀው ነበር እንጂ። አሳቤ ሁሉ አንዲት ቀይ የላስቲክ ኳስ ላይ ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ በገመድ አንጠልጥሏታል፤ ዋጋዋ አንድ ብር ነው። የጨርቅ ኳስ ስንጠልዝ ላደግን ልጆች ያች ኳስ ምን እንደነበረች አንተ ታውቀዋለህ።

አንድ አልጋ ቤት ደረስን። ደጁ ላይ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሟል። ዘፈንን፣ ዘፈንን፤ የሚከፍት ጠፋ። ጓደኞቼ ሰልችቷቸው ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። እኔ ግን መስኮቱ ሥር ብቻዬን ቆሜ፣ መሬቱን በዱላ እየደቃሁ አወረድሁት። በመጨረሻ መስኮቱ ተከፈተ። ፊት የለም፤ እጅ ብቻ ወጣ። መዳፌ ላይ ድፍን ብር አስቀመጠ።

እንግዲህ ሥርዓቱን ታውቃለህ። የሰጠ ሰው ይመረቃል። ቆሞ «አሜን» ይላል። «ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» ብሎ ይሸኛል። ለምርቃቱ አፌን ስከፍት መስኮቱ ድርግም! ምርቃቴ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ብሯን ለጓደኞቼ አሳየኋቸው፤ የቡሄ ገንዘብ የጋራ ነዋ። ትልቃችን አገላብጦ አያትና «አሜን ሳይባልባት? እኛ አንካፈላትም፣ አንተው ቻላት» አለኝ። ልቤ ግማሹ ደስ አለው፤ ግማሹ ፈራ።

ቤት ስደርስ አባቴ ብሯን ወደ ኩራዙ አስጠግተው አዩዋት።

«ማን ሰጠህ?»

«እጅ።»

«የማን እጅ?»

«የመስኮት።»

«መረቅኸው?»

«እምቢ አለ። ዘጋብኝ።»

አባቴ ብሯን እንደ ትኩስ ድንች መደቡ ላይ ጣሏት። ጎረቤታችን እትዬ ይርገዱ ወሬውን ሰምታ መጣች። መጀመሪያ ሰውዬው ልጅ ሰራቂ ነው አለች። ከዚያ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝና «ኧረ ይህን ማን ይሰርቀዋል» ብላ ተወችው። ቀጥላ ዋናውን ተናገረች፦ «ሰውዬው ሕመምተኛ ነው። ሕመሙን ብር ላይ አራግፎ ነው የሰጠው። ምርቃት የሸሸውም ለዚሁ ነው፤ ምርቃት ሲገባ ሕመሙ ተመልሶ እንዳይዘው!» አባቴ ግንባሬን ዳሰሱና «ራስህን ያምሃል?» አሉኝ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ሲጠይቁኝ ጀመረኝ።

በበዓሉ ቀን ብሯን በእንጨት ቆንጥጠው ይዘው ወደ ንስሐ አባታችን ወደ መምሬ ወሰዱኝ። መምሬ ነገሩን ሰምተው «እኔ በሰው ላይ እጸልያለሁ፤ በብር ላይ ምን ልበል?» አሉ። «አንቱ ያውቃሉ» አሉ አባቴ። መምሬም «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጸበል ረጩባት። «አባቴ፣ ትንሽ ይጨምሩበት፤ የሰውዬውን ሕመም አናውቀውም» አሉ የኔው አባት። መምሬ ጨመሩ። ብሬ እንደ ራሰ ጎመን እጥፍ አለች።

ነሐሴ ነው፤ ፀሐይ ከየት ይምጣ? እናቴ ከምድጃ ዳር አሰጣቻት። በማግሥቱ ብሬ ተጨማዳ፣ ጠቁራ፣ ጭስ ጭስ እያለች ተነሣች። ዳነች ብዬ ወደ ሱቁ በረርሁ፤ አባቴም ነገሩን ሊያዩ ተከተሉኝ። «ያችን ኳስ!» አልሁ። ባለሱቁ ብሯን አሸተታት።

«ይች ብር ለምን ታጠበች?»

«አልታጠበችም፤ ተጠምቃ ነው።»

«ብር ምን ሆና ትጠመቃለች?»

ባለሱቁን ሐሰተኛ ብር ይሁን ሕመም ይሁን የትኛው እንዳስፈራው አላውቅም። ብቻ በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ። አባቴ አንገታቸውን ነቀነቁ። «አየህ? ገበያም ተጠየፋት። ለባለቤቷ እንመልሳት።»

እኔ ኳሷን በዓይኔ ተሰናበትኋት። መንገድ ላይ አጥብቄ ጸለይሁ። «አምላኬ፣ ሰውዬው ሄዶ ይጠብቀኝ» አልሁ። ከሄደ ብሯ ትቀርልኛለች፤ ብትቀርልኝ ደግሞ ሌላ ባለሱቅ አይጠፋም። ግን የጋይንት መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ኖሯል። መኪናው እዚያው አልጋ ቤቱ ደጅ ቆሟል። ሰውዬውም ጋቢ ለብሶ ደጅ ተቀምጧል፤ ሹፌሩ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ያዛጋል። አባቴ ቀይ ዓይኑን ሲያዩ ከኋላቸው ሸሸጉኝ።

«ጌታው» አሉት ቆፍጠን ብለው፣ «ብርዎን ይውሰዱ፤ ከብርዋ ጋር ያለውንም ይዘው ይሂዱ። ልጄ ራሱን እያመመው ነው።»

ሹፌሩ ብሯን ተቀበለ፤ ገለበጣት፣ አሸተታት። አባቴን አየ፤ ከኋላቸው ብቅ ያልሁትን እኔን አየ፤ ከዚያ ዱላዬን አየ። ከትናንት ወዲያ መስኮቱ ሥር የነበርሁት እኔ እንደሆንሁ ጠየቀኝ። «ነኝ!» አልሁ ደረቴን ነፍቼ። ድምፄን ሊያደንቅ ነው ብዬ እኮ ነው። ሰውዬው ኪሱ ገባ። ከአሮጌዋ ብር ላይ አንዲት አዲስ ብር ደረበ፤ ሁለቱንም መዳፌ ላይ አኑሮ ጣቶቼን አጠፈልኝና እንዲህ አለኝ፦

«እንካ ወንድሜ፣ ያችኛዋ የዚያን ቀን እንቅልፌን የገዛሁባት ነበረች፤ ዛሬም እዚሁ ነው የማድረው፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ሌላ ሰው መስኮት ሥር ሄደህ ዝፈን!»