ዝምተኛው የሊቀ መንበር ሞተር

ትሕትናዋ ስሟን መጥራት በማይፈቅድልን በአንዲት የሴኔጋል ባሕር ዳርቻ ከተማ ያለው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም ጠብ አስተናግዶ አያውቅም። ለዚህ አኩሪ ውጤት መገኘት ምክንያቱ የመሥራቾቹ አርቆ አስተዋይነት ነው። ሊቀ መንበሩን ከጆፕ ወገን፣ ምክትሉን ከንጃይ ወገን መረጡ። ጆፕና ንጃይ ደግሞ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ንጃይ ጆፕን «አሽከሬ» ቢለው፣ ጆፕ ንጃይን «ሆዳም» ቢለው፣ የተሰደበው የመሳቅ ግዴታ አለበት። የተቆጣ ሰው ለጉባኤው በሙሉ ሻይና ስኳር ይገዛል። በዚህም የተነሣ ማኅበሩ ሰላም የሰፈነበት ሆኖ ቆይቷል። ውሳኔ የሚባል ነገር አለመኖሩ ከሰላሙ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ጉድለት አይደለም።

ይህ ሰላም የተፈተነው የማኅበሩ ትልቋ ጀልባ ሞተር ለይቶለት ያረፈ ጊዜ ነው። ጀልባዋ አሸዋ ላይ ተጋድማ ሠራተኞቿ ጥላዋ ሥር ሲያንቀላፉ፣ የሌላው ሰው ጀልባ ዓሣ እየጫነ ይገባ ነበር። ሊቀ መንበር መጌት ጆፕ ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን ስለተረዱ ሰፊ ውይይት እንዲደረግበት አቅጣጫ ሰጡ።

«የሚገዛው አዲሱ ዓይነት፣ ባለ አራት ምት ሞተር ነው» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ቤንዚን አይፈጅም፣ አያጨስም፣ አይጮህም። ዘመኑ የሚጠይቀው እሱን ነው።»

«አይጮህም?» አለ ምክትላቸው ቢራም ንጃይ። «ታዲያ አንተ ከባሕር ስትመለስ ሚስትህ በምን ሰምታ ሩዙን ትደብቅ?»

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። መጌትም ሳቁ፤ ግዴታቸው ነው።

«ደግሞ ክብደቱ!» አለ ቢራም። «የለመድነውን ባለ ሁለት ምት ሞተር አንድ ሰው ትከሻው ላይ ጥሎት ከማዕበሉ ይወጣል። ያንተን ማን ይሸከመዋል?»

«ንጃዮች አላችሁ አይደል? ጀርባችሁ ለምን ተፈጠረና!»

አሁን የመሳቁ ተራ የቢራም ነበር። የክብደቱ ነገር በእውነቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነበር፤ ነገር ግን ያነሣው ንጃይ፣ የመለሰው ጆፕ በመሆኑ በሳቅ ታለፈ። ባለ ሁለት ምቱ ቢሰበር እዚያው አሸዋው ላይ በአንድ መፍቻ መጠገኑም በሳቅ ታለፈ። ባለ አራት ምቱ በዓመት የሚያተርፈው ቤንዚንም እንዲሁ። እንዲህ ያለ አሳታፊ ውይይት በየትም አገር ተደርጎ አያውቅም።

መጌት ግን ውስጣቸው አርሮ ነበር። በዚያች ከተማ ተወልደው፣ አግብተው፣ ወልደው፣ ሊቀ መንበር እስኪሆኑ ድረስ ከቢራም ንጃይ አፍ አንዲት ቃል ብቻ ሲጠብቁ ኖረዋል። አንድ ቀን፣ እንዲያው አንዲት ቀን፣ ሳይስቅ «ልክ ነህ» እንዲላቸው። ሞተሩ ያንን ቃል የሚያስገኝላቸው መስሎ ታያቸው።

በመጨረሻ ቢራም ከልቡ እየሳቀ «ግዛው በቃ! ጀልባዋ ካልጮኸች ዓሦቹን በእንቅልፋቸው እንይዛቸዋለን!» አለ። መጌት ጊዜ ሳያጠፉ በቃለ ጉባኤው ላይ «ምክትል ሊቀ መንበሩ ሙሉ ድጋፋቸውን ስለገለጹ በአንድ ድምፅ ተወሰነ» ብለው አስጻፉ። ድጋፍ ሰጪውንም ሞተሩን እንዲያመጣ ዳካር ላኩት።

ቢራም ሞተሩን ይዞ ተመለሰ። ከሻጩ የተቀበለውንም አደራ ሳይውል ሳያድር አደረሰ።

«ስማ መጌት፣ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር እንዳትቀላቅል ብሏል ሰውዬው። የዚህ ሞተር ዘይት ለብቻው ነው፣ የራሱ ማስቀመጫ አለው። ከቀላቀልከው ያንቀዋል።»

መጌት እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሞተሩ ሁሉ ባለ ሁለት ምት በሆነበት በዚያ ዳርቻ ዘይት ያልተቀላቀለበት ቤንዚን ማለት ጨው የሌለው ወጥ ማለት ነው፤ ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

«ይሄ ሆዳም! ሞተሬን በረሃብ ሊገድለው!»

«ወላሂ እውነቴን ነው።»

«ወላሂ ደግሞ ጨመረበት!»

የጀልባዋ መሪ ጎርጊ ፋይ ግን ጀሪካኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «ሊቀ መንበር፣ ምናልባት እውነቱን ቢሆንስ?»

«ማን? ንጃይ?»

«አዎ።»

«ለጆፕ?»

ጎርጊ የጀሪካኑን ክዳን ከፈተ። ዘይቱ ተጨመረ። ሞተሩ አዲስ እንግዳ በመሆኑም ከተለመደው መጠን በላይ ተደረገለት።

የምረቃው ቀን ዓርብ እንዲሆን ተወሰነ። ዓርብ ማንም ባሕር ስለማይወጣ ሕዝቡ ሁሉ ዳር ቆሞ ያያል፤ ባሕሩም ለሊቀ መንበሩ ብቻ ይለቀቃል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ መጌት ቡቡ የሚባለውን ሰፊ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከጎርጊና ከሁለት ቀዛፊዎች ጋር ተሳፈሩ። ጀልባዋ ድምፅ ሳታሰማ ማዕበሉን ሰንጥቃ ወጣች። መጌት ዳር የቆመው ሕዝብ የማይሰማቸው መሆኑን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ቆመው ንግግር አደረጉ።

«ይህ የምትሰሙት ዝምታ» አሉ፣ «የዕድገት ዝምታ ነው!»

ዳርቻው የክር ያህል ቀጥኖ መታየት ሲጀምር ሞተሩ አሳለው። ጥቁር ጭስ ተፋ። ጎርጊ ገመዱን ሳበ፣ ደግሞ ሳበ፣ እጁ ተላጠ። ሞተሩ አንዴ ተንፈራግጦ ጸጥ አለ፤ ዝምታውም ፍጹም ሆነ።

ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። መልሕቅ ቢጥሉ ወለሉን አልነካ አለ። ቀዛፊዎቹ ቢቀዝፉ ጀልባዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ውኃው በጎን እየዘለለ ይገባ ጀመር። መጌት ቡቧቸውን ሰብስበው ስልክ አወጡ። ፈሩ። የሚደውሉለትም ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ዳርቻው ላይ ነዳጅ ሞልታ የቆመችው የቢራም ጀልባ ብቻ ናት።

ቢራም ሻይ እየጠጣ ነበር። የጆፕ ስልክ መሆኑን ሲያይ ሕዝቡ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ቢራም! ሞተሩ ቆመ!»

«ቆመ ወይስ ዝም ብሎ እየሠራ ነው? ዝምተኛ ነው ብለኸን የለ እንዴ!»

የዳርቻው ሳቅ በስልኩ ውስጥ ተንዶ መጣ።

«በእናትህ ቢራም፣ ነፋሱ እየወሰደን ነው! ውኃ እየገባብን ነው!»

«ዛሬስ ብሰሃል፣ ጆፕ! ድምፅህ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ!»

ጎርጊ ስልኩን ቀምቶ «ጋሼ ቢራም፣ እውነት ነው፣ ልናልቅ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ይሄንንም ምስኪን አስጠንተኸዋል?»

ከተማው ከተመሠረተ እንዲህ ያለ ምረቃ አላየም። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው አሸዋው ላይ ተቀመጡ። መጌት ባትሪውን አዩ፤ ሊያልቅ ነው። ቀዛፊዎቹ ውኃውን በባልዲ እየቀዱ አላህን ይጠራሉ። መጌት የስንት ሰው ነፍስ እጃቸው ላይ እንዳለ አሰቡ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሕይወታቸው እላለሁ ያላሉትን ነገር አሉ።

«ባለ ሁለት ምቱ ይሻል ነበር።»

ሴቶቹ ሳቃቸውን አቋርጠው ከአሸዋው ተነሡ።

«ምን አልክ?» አለ ቢራም።

«ባለ ሁለት ምቱ ይሻል ነበር። ልክ ነበርክ።»

ቢራም ብርጭቆውን ወርውሮ ተነሣ። «ጀልባዬን ግፉ! ይህንን ጆፕ ለቀልድ እንኳ አይለውም! ሰዎቹ እውነትም እየሞቱ ነው!»

ባለ ሁለት ምቱ እየጮኸ፣ እያጨሰ፣ ቤንዚኑን እንደ ውኃ እየጠጣ ደረሰ። ቢራም የማኅበሩን ጀልባ አፍንጫ ከራሱ ጀልባ ኋላ በወፍራም ገመድ አሰረ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። አራቱን ሰዎች አንድ በአንድ አየና ከልቡ ተነፈሰ።

«አላህ አተረፋችሁ። ዘይቱን ቀላቀልከው አይደል?»

«ቀላቀልኩት።»

«ሞተሩማ ምንም አልነበረበት። ዳካር ላይ ሲያስነሣልኝ በዓይኔ አይቻለሁ።» ቢራም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምርጫህ ጥሩ ነበር፣ መጌት። ልክ ነህ።»

መጌት አዩት። ንጃይ ነው። ለጆፕ ነው እየተናገረ ያለው። ስለዚህ ወግና ልማዱ በሚያዘው መሠረት፣ ከዳር እስከ ዳር አፋቸውን ከፍተው ሳቁ።

«አንተ ሆዳም! እዚህ ባሕር መሃል እንኳ አታርፍም?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ለነገሩ እኔም በስልክ ያልኩህ ቀልዴን ነው!»

ቢራምም ሳቀ፤ ግዴታው ነው። እየሳቀም ወደ ጀልባው ኋላ ሄዶ ገመዱን ይፈታ ጀመር።