የክብርት ወይዘሮ ታድለሽ ምሬት

በየትኛውም የወታደር ካምፕ ውስጥ ዕድሏን እንደ በሽታ የምታማርር አንዲት ሴት አትጠፋም። የኛ ካምፕ ድርሻ የሆነችው ከኔ ጋር ግድግዳ ትጋራለች።

ባሏ የካምፑ ጋራዥ መካኒክ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቤቱ ገብቶ ምሳውን ይበላል፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሥራውን ጨርሶ ይመጣል። የኔ ባል የሬዲዮ ሠራተኛ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ድንበር ላይ ሲከርም በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር ብቅ የሚለው። ልብስ ስናሰጣ ታዲያ ማን ቢያማርር ጥሩ ነው? እሷ።

«ዛሬም ምሳ ሊበላ መጣ። ጫማውን በር ላይ ገተረው። ሲያስነጥስ ደግሞ መስኮቱ ይነቃነቃል። አንቺማ ታድለሽ፤ ቤቱ ለብቻሽ ነው።»

ማስነጠሱን በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ። በቅናት እርር ድብን እያልኩ ነው የምሰማው። በልቤ «ክብርት ወይዘሮ ታድለሽ» የሚል ማዕረግ የሰጠኋት ለዚህ ነው።

አምና መካኒኩ የተበላሹ መኪኖችን እንዲጠግን ለሁለት ወር ሩቅ ጦር ሰፈር ተላከ። አልዋሽም፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሦስተኛው ቀን «ታድለሽ፤ ቤቱ ለብቻሽ ሆነ» ልላት ሄጄ አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ቀርቧል፤ ምግቡ አልተነካም።

«ስድስት ሰዓት ሲሆን እጄ ዝም ብሎ ያቀርባል» አለችኝ። ወንበር ስባልኝ ደግሞ «እህቴ፣ አንቺ ይሄን ነገር ሦስት ዓመት እንዴት ቻልሽው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልላት የሄድኩት ጠፋኝ። ቁጭ ብዬ የባሏን ምሳ እየበላሁ፣ እያለቀስኩም፣ ሁሉንም ነገርኳት።

መካኒኩ በተመለሰ ማግስት ምሬቱም ተመለሰ። ወር ሳይሞላ ግን አንድ ሰኞ ጠዋት ባሌ ሻንጣውን ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ። ወደ ካምፑ ሬዲዮ ክፍል ተዛውሯል። ዝውውሩን የፈረመውን መኮንን ላመሰግን ቢሮው ሄድኩ።

«እኔን አያመስግኑኝ» አለ ግንባሩን እያሸ። «ጎረቤትዎ ሃያ ቀን ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ እርስዎ አማረሩ። ጆሮዬን ላሳርፍ ብዬ ነው የፈረምኩት።»

ለኔ ግን ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር። ስጠይቃት ፊቷን አኮሳትራ «ታዲያ ምን ላድርግ? ግድግዳው ለቅሶሽን ያሰማል፤ እንቅልፍ ነሳሽኝ» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከጎረቤቴ በሌላኛው ጎን ባለው ቤት ባሏ የዘመተባት አንዲት ሙሽራ ገባች። ዛሬ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ክብርት ወይዘሮ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ከባሏ ሸሚዝ ላይ የመኪና ግራሶ አልለቅ ብሎ እንዴት እንዳንገሸገሻት ለኔ ሳይሆን ለሙሽራዋ እያወራች ነው። የኔ ባል ቤት ውስጥ ያንኮራፋል። እኔ እርጥብ አንሶላ ታቅፌ ቆሜያለሁ፤ በዚያች ልጅ ቀንቼ።