ጋሽ መኩሪያና የፈረንጆቹ ባንክ ብልሃት

በየሰፈሩ ፈረንጅ ቤት የሠራ ሰው አይጠፋም። ንጉሥ ይውረድ፣ አብዮት ይፈንዳ፣ እሱ ያን ቤት አይረሳም፤ ሌላውም እንዲረሳ አይፈቅድም። በእኛው ሰፈር፣ በመካኒሳ አቦ፣ እኚህ ሰው ክቡር ጋሽ መኩሪያ ነበሩ።

ጋሽ መኩሪያ ፒያሳ በነበረ የውጭ ባንክ ለዓመታት ሠርተዋል። ባንኩ በስድሳ ሰባት ሲወረስ እሳቸውም አብረው ተወረሱና የመንግሥት ባንክ ሠራተኛ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤትም ይሁን እድር ላይ፣ "እኛ ባንክ ቤት . . ." ብለው ከጀመሩ ንፍሮው ቢያልቅም እሳቸው አይጨርሱም።

ትምህርታቸው አንድ ነው። የውጭ ባንክ በሰው አገር እንግዳ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ አይመጣለትም፣ በየአውራጃው ቅርንጫፍ አይከፍትም። ስለዚህ ከአገሬው ባንክ ጋር በጉልበት አይጋፋም። ጥቂት ነጋዴ ይመርጣል፣ የመረጠውን በስሙ ይጠራል፣ ትልቁ ባንክ ሳምንት የሚያመላልስበትን ጉዳይ ሰውየው ማኪያቶውን ሳይጨርስ ይፈጽምለታል። "ደንበኛህን ሲታመም ካልጠየቅኸው፣ ሲድን ሌላ ባንክ ታገኘዋለህ" ይሉ ነበር።

ይህ ትምህርት ሥራ ላይ የዋለው በእትዬ ሸዋረገድ ጠላ ቤት ነው። እትዬ ሸዋረገድ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በጠላ የምታሳድግ ሴት ናት። ቀበሌው ፊት ለፊቷ የመዝናኛ ክበብ ከፍቶ ቢራና ቴፕ ሲያስገባ ጠላ ቤቷ ጭር አለ። ጋኖቿን ለመሸጥ ገዢ ስታፈላልግ ጋሽ መኩሪያ ሰሙና ክራቫታቸውን አስረው መጡ።

ከክበቡ ጋር በቢራም በዋጋም እንዳትፎካከር መከሯት። ክበቡ ዞር ብሎ የማያያቸውን ሰዎች ምረጪ አሏት። እሷም ከፋብሪካ ደክሟቸው የሚወጡትን ሠራተኞች መረጠች። የእግር መታጠቢያ ውሃ አዘጋጀች፣ የታመመውን ቤቱ ሄዳ ጠየቀች፣ ልጁ የዘመተበትን ሰው፣ "ደብዳቤ መጣ ወይ?" አለች። ጋሽ መኩሪያ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዱን በስሙና በአባቱ ስም ጠርተው ያስገባሉ፤ ጠላ ሊጠጣ የመጣው ሁሉ ብድር የተፈቀደለት እየመሰለው ይገባ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ክበቡ ቴፑን ለራሱ ይከፍት ጀመር።

ያኔ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወጋየሁ ጋሽ መኩሪያን አስጠራቸው። በጭቁኑ መሃል የካፒታሊስት ውድድር ታስፋፋለህ ወይ ተባሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይክዳል። እሳቸው ግን ጥያቄውን ወደዱትና የውጭ ባንኮችን ብልሃት ከሥሩ አንስተው ያስረዱ ጀመር። ጓድ ወጋየሁ መሃል ላይ አቋርጦ አሳሰራቸው።

በዚያ ዘመን ሰው ሲታሰር ጎረቤት መንገድ ይቀይራል። ሰፈሩ ፈራ፤ እኔም ፈራሁ። ጋሽ መኩሪያ ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ማን ስንቅ ያመላልስላቸዋል ስንል፣ በማግስቱ እትዬ ሸዋረገድ ምሳ ቋጥራ ቀበሌው በር ላይ ቆመች። ከኋላዋ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ቆመ፤ ከእሱ ኋላ ሌላው። ሰልፉ ሲረዝም እኔም እናቴ የሰጠችኝን ሽሮ ይዤ ተሰለፍኩ።

ጓድ ወጋየሁ ወጥቶ አየንና እስረኛውን አስመጣ።

"ይሄ ሁሉ ሰው ዘመድህ ነው?" አላቸው።

ክራቫታቸው ተወስዶ፣ ጢማቸው አድጓል። ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት።

"የለም ጓድ ሊቀመንበር፤ ደንበኛ ነው" አሉ።

ሊቀመንበሩ ሳቁ መጥቶበት ይሁን ንዴቱ፣ ፊቱን አዙሮ ወደ ቢሮው ገባ። ከቀትር በኋላ ጠላ ቤት በር ላይ ሁለተኛ እንዳይቆሙ አስጠንቅቆ ለቀቃቸው።

ወደ ቤታቸው የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ገና የቀበሌውን አጥር ሳናልፍ የእናቴ ጉልበት ተሻላት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቀጥለው የፒያሳው ባንክ ደንበኞች የነበሩትን ቡና ነጋዴዎች ታሪክ ጀመሩ፤ እኔ በቃሌ የማውቀውን። በአቋራጩ ብንሄድ ቤታቸው እዚያው ነበር። በትልቁ መንገድ ወሰድኳቸው።