የልደቴ ለቅሶ

ሰርፕራይዝ የሚባለው ነገር ለእኛ አገር ሰው የተፈጠረ አይደለም። አትከራከሩኝ። እኛ ደስታ መደበቅ አንችልም። ሰርግ ካለን ከወራት በፊት ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ልጅ ካስመረቅን መኪናው ጡሩንባ ሳይነፋ አቃቂን አያቋርጥም፤ አዲስ ሶፋ ከገዛን ሶፋው ገና ደረጃ ላይ እያለ ጎረቤት "እንኳን ደስ ያላችሁ" ብሎ ጨርሷል። ተጠንቅቀን፣ ተንሾካሹከን፣ ዘመድ አስተባብረን የምንደብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መርዶ ነው። እንግዲህ አስቡት... አንድን የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ በድብቅ ላስደስት ብሎ የተነሳ ቤተሰብ ልምድ ከየት ያመጣል? ካለው ላይ ነዋ።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ዕለት ነው። ከሥራ ገብቼ በሩን ስከፍት ባለቤቴ ሰናይትና ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃችን ሜሮን ወጥ ቤት ውስጥ ይንሾካሾካሉ። ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ በቤታችን ስፋት መንሾካሾክ ማለት ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ማውራት ማለት ነው። ሳል ሳደርግ ግን ጭጭ አሉ። ሰናይት ዘወር ብላ አየችኝና "ደክሞሃል አይደል? አረፍ በል" አለችኝ። ጫማዬን ሳሎን መሃል አውልቄው ነበር። ምንም አላለችም። እንዲያውም አንስታ ቦታው አስቀመጠችልኝ... እስቲ ፍረዱኝ፣ በትዳር ዘመናችን ሙሉ ስለዚህ ጫማ ስትቆጣኝ የኖረች ሴት በሁለት እጇ ይዛው ስትሄድ ሳይ ምን ልጠርጥር?

ልደቴ ይሆናል ብዬ እንዳልጠረጥር፣ ያደግኩት "ልደት የጌታ ብቻ ነው" በሚባልበት ቤት ነው። አባባ፣ ማለትም አባቴ፣ ዕድሜያቸውን ባቡር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ቤት ሻማ የሚለኮሰው መብራት ሲጠፋ ነው። "የተወለደው ሰውዬ ምን ሠርቶ ነው የሚሸለመው? ያማጠችው እናቱ" ይላሉ። ስለዚህ ሃምሳ ሊሞላኝ መሆኑን ከእኔ በስተቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አባባ ጋ ደወልኩ። አባባ ስልካቸውን ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ አድርገው እጃቸውን ከላዩ አያነሱም፤ ጠርቶ ሳይጨርስ "አቤት" ይላሉ። ያን ቀን ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ደገምኩት። ዝም። አቃቂ በሰቃ አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህቴ አልማዝ ጋ ደወልኩ።

"አባባ የት ናቸው?"

"ተኝተዋል።"

"በዚህ ሰዓት?"

በአፍንጫዋ አንድ ነገር ሳብ አድርጋ "በኋላ እደውልልሃለሁ" ብላ ዘጋችው። ያ ድምፅ የለቅሶ ነው ብዬ ደመደምኩ። የሳቅ መሆኑን፣ አባባም "እኔ መዋሸት አልችልም፣ እስከ ማታ ስልክ አላነሳም" ብለው አጠገቧ ቁጭ ብለው እንደነበር የሰማሁት ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። አባቴ የቀን እንቅልፍ ተኝተው አያውቁም። የሚተኙበት ቀን ምን ቀን እንደሚሆን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈራው የኖርኩት ነገር ነው።

በሰቃ ልሄድ ጃኬቴን ሳነሳ ሰናይት በሩ ላይ ቆመች። "ከሰዓት አብረን እንሄዳለን" አለችኝ። ሜሮን በበኩሏ "አባዬ፣ ስልክህ ሞልቷል፣ ላጽዳልህ" ብላ ስልኬን ወሰደችው። መርዶ የሚጠብቀው ሰው መጀመሪያ ስልኩን እንደሚነጠቅ እናንተም ታውቃላችሁ። እምቢ ብዬ መሄድ እችል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። እስካልሄድኩ ድረስ አባቴ አሉ።

አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ ታደሰ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ጥፋታቸው መርዶ ማርዳት መቻላቸው ብቻ ነው። በብሎካችን ጋሽ ታደሰ ሲያንኳኩ "ማነው?" አይባልም፣ "ማነው የሞተው?" ነው የሚባለው። አንድ ጊዜ መሰላል ሊዋሱ ሄደው ጎረቤታችን በሩ ላይ ተዝለፍልፋ ወድቃለች። ሜሮን እንዲወስዱኝ እሳቸውን የለመነቻቸው መኪና ስላላቸው ነው። እሳቸው ግን ሰውን ከቤቱ አውጥቶ ዘመድ ወደተሰበሰበበት መውሰድ የሚያውቁት በአንድ መንገድ ብቻ ነው።

"እህል ቀምሰሃል?" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "አልቀመስኩም።"

"ትንሽ ነገር አፉ ላይ ያድርግ እንጂ" አሉ ወደ ሰናይት ዞረው።

"አይ፣ አይብላ" አለች ሰናይት።

"በባዶ ሆዱ አይሆንም፣ ልጄ።"

"ጋሽ ታደሰ፣ አይብላ አልኩ እኮ" አለችና በዐይኗ ጠቀሰቻቸው።

"እሺ፣ ውሃ ይጠጣ" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የግፊት መድኃኒትህን ወስደሃል?" አሉኝ።

"ግፊት የለብኝም።"

"ተመስገን ነው" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። መኝታ ቤት ስገባ ሰናይት ጥቁር ሱፌን አልጋው ላይ ዘርግታዋለች። ያለኝ ሱፍ እሱ ብቻ መሆኑ ትዝ አላለኝም።

ጋሽ ታደሰ ይነዳሉ፣ እኔ አጠገባቸው፣ ሰናይት ከኋላ። ሜሮን ቀድማ ሄዳለች። ወደ አባባ ቤት የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ለመውረድ ተዘጋጀሁ። መኪናው ቀጥ ብሎ አለፈ።

"ጋሽ ታደሰ፣ አለፍነው እኮ።"

"እዚያ አይደለም" አሉኝ መሪውን ጭምቅ አድርገው። "ሌላ ቦታ ነው የተሰበሰቡት።"

"እነማን?"

"ዘመዶች ናቸዋ።"

ሰናይት ከኋላ በኃይል ሳለች። ከዚያ እስከ ሳሪስ ድረስ የማስበው አባቴን ነበር። በእኛ ቤት "እወድዎታለሁ" የሚባል ነገር የለም። "በልተዋል?" ይባላል፤ "መድኃኒትዎን እንዳይረሱ" ይባላል። እሳቸውም "ልጆቹ ደህና ናቸው?" ይላሉ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ስንግባባ ኖረን፣ አሁን ሌላ የምለው ነገር ሆዴን ሞልቶት መጣ፤ የሚሰማኝ ሰው ግን ያለ አልመሰለኝም።

መኪናው ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ሆቴል በር ላይ ቆመ። "ለቅሶም ሆቴል ገባ" አልኩ በልቤ። ዘመኑ ነው፤ ሰርግ ከድንኳን ወጥቶ አዳራሽ ከገባ ለቅሶ ምን አጠፋ? በሩን የከፈተልኝ ባለ ዩኒፎርም ሰውዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር አደረገልኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አንተንም ክፉ አይንካህ" አልኩት።

ሰውዬው ግራ ገብቶት ሰናይትን አያት። ሊፍቱ ውስጥ ጋሽ ታደሰ ክንዴን ጥርቅም አድርገው ያዙና "አይዞህ... አይዞህ" አሉኝ። ሊፍት እንደሚፈሩ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሬስቶራንቱ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። መብራቱ ደብዘዝ ብሏል። ውድ ምግብ ቤት ጨለማ ለምን እንደሚወድ እስካሁን አልገባኝም፤ ምናልባት ሰሃኑ ላይ ያለው ምን ያህል እንደሆነ እንዳይታይ ይሆናል። አስተናጋጆቹ ጥቁር በጥቁር ለብሰው እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ጥግ ላይ ዘመዶቼ በሙሉ ግድግዳውን ተደግፈው በረድፍ ተቀምጠዋል። እኔ ብቅ ስል ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። የሚናገር የለም። በዐይኔ አባባን ፈለግኩ... የሉም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

"አባቴን!" ብዬ ለቀቅኩት። "ወይኔ ጋሻዬ! እንግዲህ ማን ይመክረኛል? ምነው ሳልነግርህ... ምን ያህል እንደምወድህ አንድ ቀን እንኳን ሳልነግርህ!" ዕድሜ ልኬን አንቱ ያልኳቸውን ሰው አንተ እያልኩ፣ ደረቴን እየደለቅኩ፣ የሱፌ ብብት ቷ ብሎ እስኪቀደድ ድረስ አለቀስኩ። ሜሮን ስልኳን ደግና እየቀረጸች "ሀፒ በርዝ..." ብላ ጀምራ ነበር፤ እዚያው ላይ ቀረች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበር። የአባባ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ የተነገራቸው "እራት ነው" ተብሎ ብቻ ነው። ለቅሶዬን ሲሰሙ ወደ ጎናቸው ዞሩ። ወንድማቸው የሉም። አሁን ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብለው ውሃ ሲጠጡ እንደነበር ለማሰብ ጊዜ አልነበራቸውም። ለቅሶ ከተጀመረ ማን ያሰላስላል? "ወይኔ ወንድሜን! ለዚህ ነው እራት ያላችሁኝ?" ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እሳቸውን አይተው ሁለት የአክስት ልጆች ተከተሉ። ጋሽ ታደሰ ከልምድ የተነሳ ወንበር ማደላደል ጀመሩ። መስኮቱ ጋ እራታቸውን ሲበሉ የነበሩ የማናውቃቸው ባልና ሚስት ሹካቸውን አስቀምጠው መጡና "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። አገሬን የምወዳት ለዚህ ነው፤ ለቅሶ እየሰማ ስቴኩን የሚጨርስ ሰው የላትም።

በዚህ መሃል ወደ ማብሰያ ክፍሉ የሚያስገባው መጋረጃ ተገለጠ። አባባ ናቸው። ክራባት አስረዋል። በሁለት እጃቸው ሻማ የበራበት ኬክ ይዘዋል። ለካ ኬኩን ይዘው እንዲገቡ የታሰበው እሳቸው ናቸው። ቆም ብለው ሁላችንንም አዩን።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉ።

እትዬ አስካለ እንባቸውን እየጠረጉ ቀና አሉ። "አንተ ነሃ" አሏቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ጉልበታቸው ላይ ተጠምጥሜ ኬኩ ሲያዘነብል፣ አልማዝ ስትይዘው፣ እትዬ አስካለ ወንድማቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲመቱ ትዝ ይለኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን የሚለቅም ግን አልተገኘም። ጋሽ ታደሰ ጥግ ይዘው ተቀምጠው "በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ የተበላሸብኝ መርዶ የለም" እያሉ ይተክዛሉ። ሊያጽናኑን የመጡት ባልና ሚስትም እንዲሄዱ የፈቀደላቸው የለም፤ ኬክ ሳይቀምሱ ወዴት?

እራቱ ቀረበ። ሰሃኑ ሰፌድ ያክላል፣ ሥጋው የክብሪት ቀፎ። አባባ አጠገቤ ናቸው። ሌላው ሲስቅና ሲጫወት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ" አሉኝ።

"ታዲያ ሲሰሙኝ ምነው አልወጡም፣ አባባ?"

"እንዴት ልውጣ? ገና እየተናገርክ ነበር እኮ።"

ወደ ሰሃኔ አቀረቀርኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

"ማን ይመክረኛል ያልከው... ምክሬን መቼ ሰምተህ ታውቃለህ?"

"ለቅሶ ላይ እንዲያ ነው የሚባለው።"

"ሌላውም ለቅሶ ላይ የሚባል ነው?"

የትኛውን እንደሆነ ገባኝ። "እሱ የምሬን ነው" አልኳቸው።

ሥጋቸውን ለመቁረጥ ትንሽ ታገሉና ተዉት። "እኔም አባቴን የቀበርኩ ዕለት ብዙ ብዬ ነበር" አሉኝ። "አፈሩ ላይ ተደፍቼ ያላልኩት የለም። እሳቸው አልሰሙኝም።" ከዚያ ብረት ሲታገል የኖረ ከባድ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። እስክንነሳ ድረስ አላነሱትም። እኔም ቀኝ እጄን ከላዩ ደርቤ በግራ እጄ ብቻ በላሁ። እንደዚያ ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ግን ሜሮን የቀረጸችውን አባባ አስልከው ስልካቸው ላይ አደረጉት። አሁን በሰቃ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ሻይ ሲጠጡ የሚያዩት እኔን ነው። አልማዝ እንደምትለኝ፣ ሱፌ ሲቀደድ ሁሉም ይስቃሉ። "ሳልነግርህ" የምለው ጋ ሲደርስ ግን ዝም ይላሉ፤ ከዚያ አንዱ "እስቲ ድገመው" ይላቸዋል።

ትናንት ከነዚህ ጓደኞቻቸው አንዱ ደወሉልኝ። ለወንድ ልጃቸው ሰርፕራይዝ ልደት ሊደግሱ አስበዋል፤ ሆቴሉ የት ጋ እንደሆነ እንድነግራቸው ነው። ነገርኳቸው።

"ልደቱ መቼ ነው ታዲያ?" አልኳቸው።

"እሱን እንኳ እንጃ" አሉኝ። "ብቻ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነው የምቆመው፣ አይደል?"