ጋሽ ሐይቁና የሐይቁ ስም

አንድ ተራ ቀን ፀጉር አስተካካዩን ጋሽ ሐይቁን ምን ያስወጣቸዋል? ጥቂት ምላጭ፣ ትንሽ አልኮል፣ አንድ ጀሪካን ውሃና ድምፃቸውን። ምላጩ ይተካል። ድምፃቸው ግን ከሰዓት በኋላ ይሻክርና ማታ ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸው የሚተርፍ የለም። ባለቤታቸው ቅሬታ የላቸውም ይባላል።

በየሰፈሩ አንድ ጊዜ የሆነ ቦታ ሄዶ በእግሩ የተመለሰ፣ በአፉ ግን እዚያው የቀረ ሰው አለ። የእኛ ክቡርነታቸው የቀሩት ሩቅ ተራራ አናት ላይ ባለ ሐይቅ ዳር ነው። በወጣትነታቸው ለመሬት ቀያሾች ዕቃ ተሸክመው እዚያ ወጥተው ነበር። ስማቸውም በዚያው ተቀየረ። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቁት ባለቤታቸውና የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ናቸው።

እኔ ከሱቃቸው ጋር ግድግዳ እጋራለሁ። ግድግዳው ስስ ነው። ስለዚህ ሴት ልጄን ሳስተኛ ትምህርታቸውን በየቀኑ እከታተላለሁ። ማስተማሪያው የደንበኛው ጭንቅላት ነው።

«ይኸውልህ፣ አናትህ ተራራው ነው እንበል። በዚህ በጆሮህ በኩል ነው የወጣነው፣ ቀጥ ያለ ገደል! በማጅራትህ በኩል ደግሞ ሌላ መንደር አለ። ሐይቁ እዚህ መሀል፣ ጎድጓዳው ላይ።»

«ጋሼ፣ እኔ ጎድጓዳ የለኝም።»

«ለምሳሌ ነው ያልኩህ! አንገትህን አታዙር፤ ጅረቶቹ ይበላሹብኛል።»

ሁለት ጅረት ይገባበታል፤ የሚወጣ ግን አንድም አይታይም። ውሃው ከሥር ሾልኮ በወዲያኛው ቁልቁለት ምንጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ይህን ለማሳየት የደንበኛውን አገጭ ቀና ያደርጋሉ። ራሰ በራ ሰው ሲገባ ፊታቸው ይበራል። የሚቆረጥ ባይኖረውም ሐይቁ በአካል መጣላቸው ማለት ነው።

ዋናው ግን የስሙ ነገር ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች ሐይቁ እየታያቸው ስሙን አይጠሩም። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ስሙን እየጠሩ ስለሱ ማውራት ነውር እንደሆነ ሁሉ፣ ለውሃውም እንደዚያው ነው። «እሱ» ይሉታል፣ በቃ። ቀያሾቹ ዳሩ ላይ እርሳስ ቀስረው ያገኙትን ሁሉ ጠየቁ፤ ሰዉ ፈገግ እያለ አለፋቸው። ካርታው ላይ «ሐይቅ» ብቻ ተብሎ ቀረ። ሲመለሱ፣ ሸንተረሩን ተሻግረው ውሃው ከተሰወረ በኋላ፣ በቅሎ ያከራየቻቸው ሴትዮ ከኋላ ለቀሩት ለጋሽ ሐይቁ ስሙን ነገረቻቸው። ቀያሾቹ ርቀው ወርደው ነበር።

«ታዲያ ማን ይባላል?» ይላል ደንበኛው።

ጋሽ ሐይቁ ፎጣውን ያራግፋሉ። «ስሙን ፀጉርህ ሲያድግ ትሰማለህ!»

በዚህ ዘዴ ስንቱን ደንበኛ እንዳመላለሱት!

ባለፈው ሰሞን አንድ የካርታ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ትምህርቱን በትዕግሥት ጨረሰና፣ «አዲሱ ካርታ ሊታተም ነው» አለ። «ስም ያልተገኘለት ውሃ ቁጥር ይሰጠዋል።»

«ቁጥር? እስረኛ ነው እንዴ?»

«እንግዲያው ስሙን ይንገሩኝና ላስገባው።»

ቶንዶሱ ብቻውን ሲያጉረመርም በግድግዳው ይሰማኛል። ወረፋ ጠባቂዎቹ ጀመሩ።

«ይበሉ እንጂ ጋሽ ሐይቁ! ዛሬስ የሁላችንም ፀጉር አድጓል!»

«አድጎ ሸብቷል እንጂ!»

«ስሙን... ፀጉርህ ሲያድግ» አሉ ጋሽ ሐይቁ በቀጭን ድምፅ። ማንም አልሳቀም።

«ፀጉሩ እስኪያድግማ ካርታው ይታተማል፣ አባባ። ሐሳብዎን ከቀየሩ ቶሎ ይምጡ» ብሎ ሰውየው ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ ዝም አለ። ሰው ይገባል፣ ይቆረጣል፣ ይወጣል። ልጄ የቀን እንቅልፏን እምቢ አለች። አዝያት ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑብን? ልጅቷ ያለ ሐይቁ አልተኛም ብላለች።»

ወንበሩን እየጠረጉ ነበር። «ጠፋኝ እኮ ልጄ» አሉ። «ስሙ። ለደንበኛ ማባበያ ብዬ ሳቆየው፣ ሳቆየው፣ አንድ ቀን ልናገር ብል የለም። ስንት ዘመኑ! አሁን ሳወራ የምውለው፣ ከዚያ አገር የመጣ ሰው ድንገት እዚህ ቢቀመጥና ከአፌ ነጥቆ ‹እንዲህ እኮ ነው የሚባለው› ቢለኝ ብዬ ነው።»

እኔ ጉራ መስሎኝ የከረመው ለካ ፍለጋ ኖሯል።

«ከ‹ሀ› እንጀምር» አልኳቸው። ፊደሉን አንድ በአንድ ወረድነው። «መ» ላይ ስንደርስ ዓይናቸው በራ፤ ትዝ ያላቸው ግን የበቅሎዋ ስም ሆኖ ተገኘ። ልጄ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ የካርታውን ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ማተሚያው እስኪጀምር ቦታውን ባዶ እንዲተውልን ለመንኩት። እያቅማማም ቢሆን እሺ ብሏል። ተስፋ አለን ማለት ነው። የቀረውን ጋሽ ሐይቁ ለእናንተ እንዲህ በይልኝ ብለዋል፦

«ሁለት ጅረት የሚገባበት፣ መውጫው የማይታይ ሐይቅ ካለበት ተራራ የመጣችሁ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ጠይቁልኝ። ውሃው ዳር ቆማችሁ እንዳትጠይቁ፤ አይነግሯችሁም። ሸንተረሩን ተሻገሩ፣ ሐይቁ ይሰወር፣ ከዚያ ጠይቁ። ስሙን ከሰማችሁ ደግሞ እንደኔ አታቆዩት፣ ቶሎ ኑ። ፀጉራችሁ እስኪያድግ አትጠብቁ። ራሰ በራም ብትሆኑ ኑ።»