ኦቦ ከድር ጥናት ሲፈልጉ

ባሌ ውስጥ ሰው ስለ ጤናህ፣ ስለ ልጆችህ፣ ስለ ከብትህና ስለ ገብስህ ጠይቆ ሳይጨርስ ጉዳዩን አይነግርህም። ታዲያ ይህ ምን ክፋት አለው? ምንም! ክፋቱ ኮምፒውተር ባሌ አለማደጉ ነው።

ጎረቤቴ ኦቦ ከድር ነርስ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜያቸው ማስተርስ ጀምረዋል። እኔ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝና፣ ማር ለሳል ይበጅ እንደሆነ የሚመረምሩ ጥናቶችን መፈለግ እንዳሳያቸው መጡ። የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበትን ድረ ገጽ ከፈትኩላቸው። መፈለጊያው ላይ ምን ቢጽፉ ጥሩ ነው? በተጣራ እንግሊዝኛ፣ «የተከበራችሁ ተመራማሪዎች፣ እንደምን ከረማችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ ግን ሕፃናቱን ሳል አስይዞብን...»

«ምንም አልተገኘም» አለ ድረ ገጹ።

«ኦቦ፣ ‹ማር› እና ‹ሳል› ብቻ ይጻፉ» አልኳቸው።

«ሰው ቤት ገብተህ ‹ማር! ሳል!› ብለህ ትጮኻለህ እንዴ?»

እያፈሩ ጻፉት። ጥናቱ ጎረፈ። እስኪጠግቡ አወረዱና መርቀውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ሮቤ ገበያ ስንገናኝ «ጤና? ልጆች?» ብለውኝ እልፍ አሉ። እኔን ብሎ አስተማሪ! እስቲ እናንተ እንኳ ስለ ከብቶቼ ጠይቁኝ፤ ላሜ እኮ ወልዳለች።